ተራ ወታደር ያዘዘው ሬዲዮ

እሺ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል አይደል? ጥሩ። ርዕሱን ስታዩ "ጦርነትና መዝናኛ ደግሞ ምን አገናኛቸው" ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። እኔ ስለ ጦር ስልት ላወራ አልመጣሁም፣ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ የማወራው ስለ ሬዲዮ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከአገሩ ርቆ ለሚዋጋው ወታደራቸው ምን አይነት ሬዲዮ ሰሩለት፣ እንዴት ሰሩት፣ ማን አስገደዳቸው፣ እሱን ነው የምናየው። በመሀል ጀርመንና ጃፓንም ይገባሉ፣ መጨረሻ ላይ አስመራ ደርሰን እንመለሳለን። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. እያልኩ ጊዜ እንዳልፈጅባችሁ።

እስቲ 1942ን አስቡት። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ከገባች ገና ወራት ነው፣ ልጆቿ አላስካ አሉ፣ አይስላንድ አሉ፣ አውስትራሊያ አሉ፣ ፓስፊክ ውስጥ ደግሞ እናቱ ካርታ ላይ ብትፈልጋት የማታገኛት ደሴት ላይ የተጣለ የሃያ ዓመት ልጅ አለ። ደብዳቤ እስኪደርሰው ስንት ሳምንት ይፈጃል። ጦርነት ደግሞ ፊልም ላይ እንደምታዩት ሁልጊዜ ተኩስ አይደለም፣ አብዛኛው መጠበቅ ነው፣ ዝናብና ትንኝ ነው፣ መሰልቸት ነው። ሬዲዮ ቢከፍት ጥርት ብሎ የሚገባለት የማን ጣቢያ ነው? የጠላት።

እና ጉዳዩን መጀመሪያ የጀመረው መንግስት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አላስካ ኮዲያክ የሚባል ቦታ የነበሩ ወታደሮች በለቃቀሙት እቃ ራሳቸው ትንሽ ጣቢያ ሰርተው ነበር፣ የሚያጫውቱት ሲያልቅባቸው ደግሞ "ሸክላ ላኩልን፣ ፕሮግራም ላኩልን" እያሉ ለሆሊውድ ሰዎች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። የጦር ሚኒስቴሩ ነገሩን የያዘው ከዛ በኋላ ነው፣ በግንቦት 1942 የጦር ኃይሎች ሬዲዮ አገልግሎት የሚባለውን ክፍል ሎስ አንጀለስ ላይ አቋቋመ። ኃላፊ አድርጎ ያመጣውን ሰው ደግሞ እዩልኝ፣ ቶም ሉዊስ ይባላል፣ ከጦር አካዳሚ የወጣ መኮንን አይደለም፣ የማስታወቂያ ድርጅት ሰው ነው፣ ባለቤቱ ሎሬታ ያንግ የምትባለው የፊልም ተዋናይ ናት። ዩኒፎርም አልብሰው ማዕረግ ሰጡት፣ በቃ። እኔ በዚህ በጣም ነው የማደንቃቸው፣ ሬዲዮን ለሬዲዮ ሰው መስጠት ቀላል ይመስላል እንጂ ስንቱ መንግስት ያቃተው ነገር ነው።

ክፍሉ ሳይቋቋም በፊት፣ መጋቢት 1 ቀን 1942፣ የጀመረ አንድ ፕሮግራም አለ፣ ኮማንድ ፐርፎርማንስ ይባላል። ኮሜዲያኑ ኤዲ ካንተር ነው የመጀመሪያውን ያስተዋወቀው። ሀሳቡ ምን መሰላችሁ፣ ወታደሩ ይጽፋል፣ ያዛል፣ ስቱዲዮው ይታዘዛል። እኛ አገር የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም ሰምቶ ያላደገ የለም፣ ከእገሌ ለእገሌ እየተባለ፣ እንደዛ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የሚታዘዘው ሸክላ ሳይሆን ዘፋኟ ራሷ መሆኗ ነው። ቢንግ ክሮዝቢ፣ ቦብ ሆፕ፣ ጁዲ ጋርላንድ፣ ዳይና ሾር፣ በዛን ዘመን አንድ ምሽት ለመስራት ስንት የሚከፈላቸው ሰዎች፣ በነጻ። አገር ቤት ያለው ሕዝብ ደግሞ አይሰማውም! ለውጪው ጦር ብቻ ነው፣ 1942 የገና ዋዜማ ላይ ለየት ያለ ዝግጅት አድርገው በአገር ውስጥ ጣቢያዎች በሙሉ አስተላለፉት እንጂ የአሜሪካ ሕዝብ ራሱ በታሪኩ ምርጡን የሬዲዮ ፕሮግራም በወሬ ነው የሚያውቀው ማለት ይቻላል።

አሁን ወታደሩ ምን አዘዘ የሚለው ጋ እንምጣ፣ እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ እሱ ነውና። ዘፈን ያዘዙ ሞልተዋል፣ እሱን ተዉት። ግን ከካሊፎርኒያ የመጣ ወታደር የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ጭጋግ ሲሆን የሚነፋውን የመርከብ መጥሪያ ድምጽ አሰሙኝ ይላል። ሌላው ኢንዲያና ውስጥ ወፎች ሲንጫጩ መስማት ይፈልጋል። አንዱ ላስ ቬጋስ ያለ የቁማር ማሽን ሳንቲሙን ሲያራግፍ ይስማ፣ ሌላው ስቴክ መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ። አን ሚለር የምትባለው ዳንሰኛ የወታደር ቦት ጫማ አድርጋ እንድትደንስ ያዘዙም አሉ፣ ደነሰችላቸው። ካሮል ላንዲስን ደግሞ "ምንም አትበይ፣ ዝም ብለሽ ተንፍሺ" አሏት፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ማይክ ላይ። እና ተነፈሰች፣ እሱም ተቀርጾ ፓስፊክ ድረስ ተላከ። (ሳቅ) አዎ፣ ሳቁ፣ እነሱም ስቀዋል፣ በቅጂው ላይ ታዳሚው ሲያፏጭ ይሰማል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መስሪያ ቤት ቁጭ ብሎ "ወታደሩ ምን ያስፈልገዋል" ብሎ የሚያቅድ ሰው፣ አዋቂ ቢሆንም፣ የቁማር ማሽን ድምጽ ብሎ በፍጹም አያስብም። ስለ ዓላማችን ንግግር፣ የጀግኖች ታሪክ፣ ማርሽ ነው የሚያስበው። ልጁ ግን አርበኝነት አላነሰውም፣ እዛ ድረስ ሄዶ እየተዋጋ አይደል እንዴ፣ የጎደለው ሰፈሩ ነው። ሰፈር ደግሞ በንግግር አይመጣም፣ በድምጽ ነው የሚመጣው። ይህን ሰው ካልጠየቃችሁት አታውቁትም።

አሰራሩስ? ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው አጭር ሞገድ ነው፣ ከአሜሪካ ዳርቻ በቀጥታ ይለቀቃል፣ ግን አጭር ሞገድን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እንደ አየሩ ጸባይ ነው፣ አንዴ ጥርት አንዴ እንደ ባህር ይናወጣል፣ ለዜናና ለስፖርት ይሁን እንጂ ለሙዚቃ አይሆንም። ሁለተኛው ሸክላ ነው፣ ቤታችሁ የምታውቁት አይነት ሳይሆን ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ በአንድ ፊቱ 15 ደቂቃ የሚይዝ። የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም በአንድ ሸክላ ሁለት ፊት ይገባል ማለት ነው። እሱን እያባዙ፣ በሳጥን እያሸጉ፣ በአውሮፕላንም በመርከብም በየጣቢያው ያደርሱታል፣ ጣቢያው ይጠቀምና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ጣቢያ ስል ደግሞ ህንጻ አይምሰላችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ሁለት ማጫወቻና አንድ ትንሽ ማሰራጫ ያለው ሁሉ ጣቢያ ነው። ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ ከደሴት ደሴት እንደዛ የተቀጣጠሉ ጣቢያዎች ነበሩ፣ ወታደሮቹ የትንኝ ኔትዎርክ ብለው አወጡላቸው፣ ለምን እንደሆነ ከደሴቶቹ አንዷ ጓዳልካናል ላይ የዋለ ሰው ይንገራችሁ።

ከልዩ ፕሮግራሞቹ ሌላ የአገር ቤቱን ተወዳጅ ፕሮግራሞችም ይልኩ ነበር፣ ማስታወቂያውን አውጥተው። ቴክኒሻን ያላችሁ እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። ቴፕ የለም! ማስታወቂያ ለማውጣት ከሸክላ ወደ ሸክላ ነው የሚቀዱት፣ ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ከማስታወቂያው ማዶ በሌላ ማጫወቻ የተዘጋጀው በሰከንዱ ይለቀቃል፣ የጎደለውን ደቂቃ በሙዚቃ ይሞሉታል። እጅ ከዘገየ እንደገና ከመጀመሪያ። ፕሮግራሙ በቡና ኩባንያ ስም የሚጠራ ከሆነ ስሙን ሳይቀር ቀይረው ይልኩታል። ምክንያቱም አርቲስቱም፣ ደራሲውም፣ የሙዚቀኞች ማህበሩም ክፍያ የተዉት ማንም እንዳይነግድበት ነው፣ አንድ ኩባንያ በዛ ጉልበት ሳሙናውን ቢሸጥ ነገሩ በሙሉ ይፈርሳል።

ጂል የምትባል ነበረች፣ እሷን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ትክክለኛ ስሟ ማርታ ዊልከርሰን ነው፣ ሎስ አንጀለስ ሆና ሸክላ ታጫውታለች፣ የወታደሮቹን ደብዳቤ ታነባለች፣ ትመልሳለች፣ በቃ ይሄው ነው ስራዋ። ፕሮግራሙ የሚቀረጸው ዛሬ፣ የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ፣ የት እንደሚሰማ አይታወቅም፣ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። ስለዚህ ስትሰናበት ለአንዳንዶቻችሁ እንደምን አደራችሁ፣ ለሌሎቻችሁ እንደምን ዋላችሁ፣ ለቀሪዎቻችሁ ደህና እደሩ ትላቸዋለች። እኔ ማይክ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች፣ ሰዓቱን የማታውቀውን ሰው እንደ ጎረቤት ማናገር እንዲህ ነው።

ሰራዊቱ ለምን የጂል አይነት ሰው አስፈለገው ካላችሁ መልሱ ቶኪዮና በርሊን ነው። ከበርሊን ሚልድሬድ ጊላርስ የምትባል አሜሪካዊት ለጀርመን ትሰራ ነበር፣ ጥሩ ሙዚቃ እያስገባች በመሀል "ሚስትህ አሁን ከማን ጋር ናት" አይነት ነገር ጣል ታደርጋለች። ወታደሮቹ አክሲስ ሳሊ ይሏታል። ከጦርነቱ በኋላ በአገር ክህደት ተፈረደባት፣ እስከ 1961 ታሰረች። የቶኪዮው ግን የተለየና የሚያሳዝን ነው። ቶኪዮ ሮዝ የሚለው ስም ወታደሮቹ ራሳቸው ያወጡት ነው፣ በዛ ስም ማይክ ላይ የቀረበች ሴት የለችም፣ ብዙ ሴቶች ናቸው የነበሩት። ሁሉም የተለጠፈው ግን አይቫ ቶጉሪ ላይ ነው፣ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ዘመድ ልትጠይቅ ጃፓን ሄዳ ጦርነቱ እዛው ያገኛት ልጅ። የምትሰራበትን ፕሮግራም ጽሁፍ የሚያዘጋጀው ምርኮኛ የነበረ አውስትራሊያዊ የሬዲዮ ሰው ነው፣ ቻርልስ ካዘንስ፣ ሆን ብሎ ቀልድ እያደረገ ነበር የሚጽፈው። በ1949 ከሃዲ ተብላ አስር ዓመት ተፈረደባት፣ ከስድስት ዓመት በላይ ታስራ ወጣች፣ ምስክሮቹ ተገደን ነው የመሰከርነው ካሉ በኋላ በ1977 ፕሬዚዳንት ፎርድ ምህረት አደረጉላት። ምህረት ማለት እንግዲህ፣ ያጠፋ ሰው ነው ምህረት የሚደረግለት፣ እሱን ለናንተ ልተወው።

ወታደሩስ እነዚህን እየሰማ ሞራሉ ወደቀ ወይ? አብዛኛው ሙዚቃውን ሰምቶ ፕሮፓጋንዳው ላይ ይስቅ ነበር። አደጋው ሌላ ጋ ነበር፣ ጆሮው እዛ መልመዱ። ከዚህ ውስጥ የሊሊ ማርሊን ታሪክ የሚበልጥ የለም። ጀርመን በ1941 ቤልግሬድን ስትይዝ የጦር ሬዲዮ ከፈተች፣ የሚያጫውቱት ሸክላ ስላነሳቸው ከቪየና የተገኘ አሮጌ ክምር አመጡ፣ ውስጡ ላሌ አንደርሰን በ1939 የቀረጸችው፣ ገበያ ላይ ያልተሳካላት ዘፈን ነበረች። ካምፕ በር ላይ መብራት ስር ስለምትጠብቅ ልጅ ነው። ሌላ ስለሌላቸው ደጋገሟት፣ ከዛ ማቆም አልተቻለም፣ ማታ ማታ ከአራት ሰዓት በፊት ስርጭት ሲዘጋ እሷ ነበረች። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ የጀርመኑ ጄኔራል የሮመል ጦር ይሰማታል፣ ከማዶ ምሽግ ያለው የእንግሊዝ ስምንተኛ ጦርም እኩል ይሰማታል። የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ዘፈኗን አይወዳትም ነበር፣ ወታደሩ ግን ጎብልስን አላማከረም። እንግሊዞቹም ልጆቻቸው የጀርመን ዘፈን እያንጎራጎሩ መዋላቸው ሲያሳፍራቸው በእንግሊዝኛ ግጥም አሰርተው የራሳቸው አደረጓት።

እንግሊዞች ከተነሱ፣ እነሱ ጋ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይላል፣ ምክንያቱም ቢቢሲ በዛን ጊዜ አስተማሪ ነኝ የሚል ኮስታራ ድርጅት ነው፣ እሁድ እሁድማ ስብከትና ከባድ ሙዚቃ ብቻ። ፈረንሳይ የሄደው ጦራቸው ይሄን አልሰማም አለ፣ ሳይወዱ በግድ በ1940 መጀመሪያ ለጦሩ ብቻ የተለየ ፕሮግራም ከፈቱ፣ እሁድ ሳይቀር ቀልድና ዳንስ ሙዚቃ ያለበት። ከዛ ምን ሆነ፣ አገር ቤት ያለው ሕዝብ፣ ፋብሪካው የቤት እመቤቱ ሁሉ ወደዛው ዞረ። ከጦርነቱ በኋላ ቢቢሲ ቀለል ያለ መዝናኛ ጣቢያ ያቋቋመው ያንኑ ይዞ ነው።

ቬራ ሊን እዚሁ ላይ ትመጣለች። በህዳር 1941 እሁድ ማታ ከዜና በኋላ አንድ ፕሮግራም ያዘች፣ በዘፈን የተጻፈ ደብዳቤ በሉት። ሆስፒታል ትሄዳለች፣ የወለዱ ሚስቶችን ታናግራለች፣ ከዛ ማይክ ላይ ለእገሌ ልጅ ተወልዶልሃል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ትለዋለች። ሊቢያ ያለ ሰው ልጅ መውለዱን ከሬዲዮ ይሰማል! አሁን ማን ይቃወማል ትላላችሁ? የፓርላማ አባላትና የጦር አዛዦች። ለስላሳ ዘፈን ወታደሩን ያልፈሰፍሰዋል፣ ናፍቆት ያስይዘዋል፣ ማርሽ ይሻላል አሉ። የቢቢሲ ቦርድ ቃለ ጉባኤ ላይ ፕሮግራሟ አሳፋሪ መሆኑን፣ ግን ተወዳጅ መሆኑን መዝግበናል አይነት ነገር ሰፍሯል፣ የቢሮ ሰው ሲቸገር እንዴት እንደሚጽፍ ከዚህ በላይ ምሳሌ የለኝም። በ1942 ቢቢሲ የሚያላዝኑ ዘፈኖችን የሚከለክል መመሪያ ሁሉ አወጣ፣ እሷም ለረጅም ጊዜ ከሬዲዮ ጠፋች። በ1944 ግን በርማ ድረስ ሄዳ ጫካ ውስጥ ለወታደሩ ዘፈነች። መመሪያው አልቆየም፣ እሷ ግን እስከ 103 ዓመቷ ኖረች።

ወደ አሜሪካ ስመለስ ስለ ቪ ዲስክ ልንገራችሁ፣ ለወታደር ብቻ የተቀረጸ የሙዚቃ ሸክላ ነው። ነሐሴ 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማህበር በፕሬዚዳንቱ በጄምስ ፔትሪሎ መሪነት አድማ መታ፣ ለሸክላ ኩባንያ አንቀርጽም አሉ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። አዲስ ሙዚቃ ከየት ይምጣ? ሮበርት ቪንሰንት የሚባል የጦሩ መኮንን ማህበሩን ለመነ፣ ለወታደር ብቻ ከሆነ፣ ካልተሸጠ፣ በኋላም ዋናው ቅጂ ከጠፋ እሺ አሉ። ከጥቅምት 1943 ጀምሮ እየተቀረጸ ተላከ። ሸክላው ራሱ ተቀየረ፣ የድሮው የሚሰራበት ሼላክ ከእስያ ነበር የሚመጣው፣ ያ መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ፣ ደግሞም በመንገድ ይሰበራል፣ ስለዚህ ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ሆነ። መጠኑ ስለጨመረ ሙዚቀኛው ከተለመደው ሶስት ደቂቃ ወጥቶ እስከ ስድስት ደቂቃ ተኩል መጫወት ቻለ፣ ለጃዝ ሰው ይሄ ትልቅ ነጻነት ነው። እስከ 1949 ከ8 ሚሊዮን በላይ ተላከ። በዛ አድማ ዘመን የነበረውን ጃዝ ዛሬ የምንሰማው በአብዛኛው ወታደር ሻንጣው ውስጥ ደብቆ ስላመጣው ነው፣ ሕግ ጥሶ ማለት ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ጥቁር ወታደሮችስ ብላ አንዲት እህት ቅድም በወረቀት የላከችው ጥያቄ አለ፣ ልክ ነሽ፣ እሱ ነው ከባዱ። የአሜሪካ ጦር በዛን ጊዜ በዘር የተከፈለ ነው፣ ሰፈሩም ምግቡም ለብቻ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 ትዕዛዝ እስኪሰጡ ድረስ። ሬዲዮውም ጁቢሊ የሚባል ለጥቁር ወታደሮች የታሰበ ፕሮግራም ከ1942 ጀምሮ ነበረው፣ ኤርኒ ዊትማን ነው አስተዋዋቂው፣ ዱክ ኤሊንግተን፣ ካውንት ቤሲ፣ ሊና ሆርን ይቀርቡበታል። መከፋፈሉን ማቆንጀት አልፈልግም፣ በገዛ አገሩ እንደ ሰው የማይቆጥሩትን ወታደር በሙዚቃ ለማባበል ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ሞገዱ ዘር አይለይም፣ ጁቢሊን ነጩም ያዳምጠው ነበር፣ በሙዚቃ ጥራት ደግሞ፣ ይሄ የኔ ጆሮ ነው፣ ከሁሉም ይበልጣል።

የእንግሊዙን በአጭሩ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1943 አሜሪካኖች ለንደን ላይ ከቢቢሲ በተዋሱት ስቱዲዮ የራሳቸውን ጣቢያ ጀመሩ፣ ጦራቸው ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ባረፈ ማግስት ደግሞ ከእንግሊዝና ከካናዳ ጋር የጋራ ጣቢያ ተከፈተ። ዝነኛው የባንድ መሪ ግሌን ሚለር ባንዱን ይዞ እዛ ነበር፣ ታህሳስ 15 ቀን 1944 ወደ ፓሪስ የተነሳበት ትንሽ አውሮፕላን የት እንደገባ እስከዛሬ አልታወቀም።

አሁን አስመራ። አሜሪካኖች በ1943 የጣሊያን ባህር ኃይል የነበረውን ራዲዮ ማሪና ያዙ፣ ያ ለስለላና ለግንኙነት ነው፣ በኋላ ኮሪያ በዘመተው ሰራዊታችን ስም ቃኘው ስቴሽን የተባለው። በሺህ የሚቆጠር አሜሪካዊ ሲሰፍርበት የሎስ አንጀለሱ አገልግሎትም ተከትሎ መጣ፣ ካኑ የሚባል ጣቢያ፣ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም። የታሰበው ለአሜሪካኖቹ ነው፣ ግን ሞገድ አጥር አያግደውም፣ በስልሳዎቹ አስመራ ያደጉ ሰዎች ስታገኙ ጠይቋቸው፣ ጄምስ ብራውንን መጀመሪያ የት እንደሰሙት። ጊታር ያነሱ ልጆች ዘፈኑን ከዛ እየለቀሙ ነው የተለማመዱት። ቃኘውን ደርግ በ1977 ዘጋው።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፣ እጅ ያወጣኸው ወንድሜ ይሄ ሁሉ ዛሬ የት ይሰማል ልትለኝ ነው አይደል። የቪ ዲስኩ ዋና ቅጂ በስምምነቱ መሰረት ተደምስሷል፣ የታተመው ሸክላ ግን ዋሽንግተን ኮንግረስ ቤተ መጻህፍት አለ። ኮማንድ ፐርፎርማንስ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ሞልቷል። የካቲት 15 ቀን 1945 የተቀረጸውን አስቀድም፣ ዲክ ትሬሲ የሚባለውን የካርቱን መርማሪ ሰርግ አስመስለው የሰሩት ነው፣ ቢንግ ክሮዝቢ ሙሽራ፣ ቦብ ሆፕና ፍራንክ ሲናትራ ሽፍቶች፣ ሙሽሮቹ ሊጋቡ ሲሉ ወንጀል ይፈጸማል ሰርጉ ይቋረጣል፣ እንደገና ሊጋቡ ሲሉ ሌላ። ክሮዝቢ አንድ ቦታ ላይ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ አልቆረጡትም። ጁቢሊውንም ፈልግ፣ ድምጹ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው።